ቢሩክ ያላመነው ፕሮሰሰር

ቢሩክን ይቅር ያልኩት በአፌ ነው። አንጀቴማ እርር ድብን እንዳለ ነበር። ሩዋንዳ ሰፈር የኮምፒውተር ሱቅ አብረን ከፈትን፤ ደንበኛውን ያመጣሁት እኔ፣ ማሽኑን የገጣጠምኩት እኔ። አንድ ሰኞ ጠዋት ብመጣ ቁልፉ ተቀይሯል። ኪራዩ በእሱ ስም ነበራ! "ሰዓዲያ፣ አንቺ ሴት ነሽ፣ ነገ ታገቢያለሽ" አለኝ በመስኮት። ወላሂ እንደዚያ ቀን ሰው ንቆኝ አያውቅም። ያንን ሱቅ ሳልመልስ አልሞትም አልኩ፤ እስከዚያው እዚያው ሰፈር ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ጥገና ጀመርኩ።

በ1989 መጋቢት ላይ ቢሩክ ለእርቅ ሽማግሌ ላከብኝ። የሰፈሩ ትልቅ ሰው ጋሽ መኩሪያ ይዘውት መጡ፤ እሳቸውን እምቢ ማለት ነውር ነው። ቢሩክ እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲያጎነብስ "ተው፣ ተው" ብዬ ትከሻውን ያዝኩት። ገና ቀና ከማለቱ፣

"ሰዓዲያዬ፣ አዲሱ ፔንቲየም ፕሮሰሰር ሊወጣ ነው አሉ። አሁን ያሉት ማዘርቦርዶች ላይ ይገጥማል?" አይል መሰላችሁ! ለካ እርቁም ለዚህ ኖሯል።

ለደንበኞቹ "ዛሬ ግዙ፣ አዲሱ ሲወጣ ፕሮሰሰሩን ብቻ እቀይርላችኋለሁ" እያለ ቃል እንደሚገባ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ከዱባይ በመጣልኝ መጽሔት ላይ የአዲሱን ፎቶ አይቻለሁ። እንደ ካሴት ጠፍጣፋ ነው፣ በጠርዙ ነው የሚሰካው። ለአሮጌው ቦርድ ጨርሶ አይሆንም።

"አይገጥምም፤ ሌላ ቦርድ ይፈልጋል" አልኩት፣ ጋሽ መኩሪያ እየሰሙ። "አሮጌውን እንዳትገዛ።"

ቢሩክ ሳቀ። "ገበያውን ለብቻሽ ልትይዢው ነዋ!"

"ልጄ፣ ስማት እንጂ" አሉ ጋሽ መኩሪያ።

"ተዉት ጋሼ፣ ተንኮሏን አጥቼው ነው?"

በሳምንቱ አሮጌውን ቦርድ ከዱባይ አስጭኖ ሱቁን እስከ ጣሪያ ሞላው።

አዲሱ ፕሮሰሰር ክረምት ላይ ገባ። ደንበኞቹ ማሽናቸውን ተሸክመው በሩን አጨናነቁት፤ አንዱ "አጭበርባሪ!" እያለ ሲጮህ እኔ ክፍል ድረስ ይሰማል። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

መስከረም ሳይጠባ ኪራዩ አቃተው። ከአከራዩ ጋር ተስማምቼ ሱቁን ልረከብ ስገባ ቢሩክ የመጨረሻዋን ካርቶን እያወጣ ነበር። በሩ ላይ ቆመና አየኝ።

"እንደማላምንሽ ታውቂ ነበር፣ አይደል?"

"ታምነኛለህ ብዬ ብሰጋ ኖሮማ ዝም እል ነበር" አልኩት።