የስጦታ አባት ግንባር ላይ ነው

ቅዳሜ ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ የምወጣው ለመሸጥ አይደለም፤ የሚሸጥ ያለው ሌላ ነው። እኔ የምወጣው ለልጄ ለስጦታ ስንቅ ላደርስ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ምድር ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። የእኛ ቀበሌ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያልቃልና፣ ሰባተኛ ስትገባ ደባርቅ ከጠላ ሻጯ ከየሺወርቅ ቤት ጓዳ ተከራየሁላት። ቤቴ ውስጥ እኔና ላሚቱ ቀረን። ላሚቱም ብትሆን ፊቷን አዙራ ነው የምትተኛው።

ገብሱን የምቆላው እኔው ነኝ። ጎረቤቴ ወርቄ በሶውን ትፈጭልኛለች፤ ፈጭታም ዝም አትልም። «ያርጋል፣ ሚስት አግባና ገላግለኝ» ትላለች። ማን ያገባኛል? አንድ እግሬ አጭር ነው። ይህንንም አገር ሁሉ እንዲያየው ያደረጉት ሌሎች ናቸው። የእናት አገር ጥሪ የተባለ ጊዜ ወንዱን ሁሉ ዳባት ላይ ሲያሰልፉ እኔም ዱላዬን ይዤ ቆሜ ነበር። መልማዩ መጣና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አንተ አንካሳው፣ ውጣ! ጦርነት እንጂ ለቅሶ አይደለም የምንሄደው።»

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁት ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ሳቃቸውን ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ሰው «ታድለህ» ይለኛል። ምኑን ታደልኩት?

መጀመሪያ ላይ ስንቋን የምትወስደው ራሷ ስጦታ ነበረች፤ ቅዳሜ ትመጣና እሑድን ከእኔ ጋር ትውል ነበር። ሰኞ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ወደ ደባርቅ ትገሰግሳለች፤ መንገዱ ዳገት ነው፣ ታረፍዳለች። አንድ ቅዳሜ መጥታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ በር ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ወላጅ አምጪ ተብያለሁ።»

«ምን አጥፍተሽ?»

«ሰኞ ሰኞ አረፍዳለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው ብለህ አንተ ብትነግራቸው ይገባቸዋል።»

«እኔ የአስተማሪ ደጅ አልረግጥም።»

«አያስገቡኝም እኮ አባዬ!»

«አልረግጥም አልኩ!»

ምክንያት አለኝ። በጃንሆይ ጊዜ እኔም አራተኛ ክፍል ደርሼ ነበር። ወላጅ አምጣ ተባልኩና አባቴ ለምዱን ደርቦ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጣ። ዲሬክተሩ ከቢሮው ብቅ ብሎ «ይሄ በግ በግ ይሸታል፣ እዚያው ይቁም» አለ። ዝናብ እየዘነበ ነበር። ተማሪው በመስኮት ተደራርቦ ያይ ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ «ይቅርብህ» አለኝ። ቀረብኝ። እንግዲህ ይህን ያየ ሰው ተመልሶ የአስተማሪ ደጅ ይጠናል?

ስጦታ አልቅሳ ሄደች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ብትቀርብኝ ስንቅ ይዤ ስሄድ «ተፈቅዶልኛል፣ ገብቻለሁ» አለችኝ። እንዴት ብዬ አልጠየቅኳትም። ከዚያ በኋላ ግን እሑድን ከእኔ ጋር መዋሏ ቀረ። «ከመጣሁ አረፍዳለሁ» አለች። ይሁን አልኩ። ምን እላለሁ?

ግንቦት ገብቶ፣ አንድ ቅዳሜ ስልቻዬን ተሸክሜ የሺወርቅ ቤት ብደርስ በሩ ዝግ ነው። ስጦታም የለችም፣ የሺወርቅም የለችም። ግራ ገብቶኝ ወደ ገበያው ስመለስ የአገሬ ልጅ ዋሴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ሲጣደፍ አገኘሁት። የእሱ ልጅ ከስጦታ ጋር ነው የሚማረው።

«አንተ፣ እዚህ ምን ትገተራለህ? የወላጆች ቀን አይደለም እንዴ? ባላገሩም እንዲገኝ ብለው እኮ ነው ገበያ ቀን ያደረጉት።»

«የምን ወላጆች ቀን?»

«ልጅህ አልነገረችህም?»

ፊቱን አይቼ ማዘኑን ሳውቅ የበለጠ ተናደድኩ። ዋሴ ለእኔ አዝኖ! አልረግጥም ያልኩትን ደጅ የረገጥኩት ያን ዕለት፣ ንዴቴ እየገፋኝ ነው።

ወላጁ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። መምህር ማዕረግ የሚሉት ቀጭን ወጣት ቆሞ ይናገራል። ከገጠር መጥተው ለሚከራዩ ልጆች ማታ ማታ አንድ ክፍል በፋኖስ ይከፈትላቸዋል አለ። የወላጅ ኮሚቴው ለሩቅ አገር ልጆች ማደሪያ ሊሠራ ነው፣ እንጨት ያላችሁ እንጨት፣ ጉልበት ያላችሁ ጉልበት አለ። እኔ ከኋላ ከዋሴ አጠገብ ተቀምጬ ስጦታን ፈለግኩ። ከፊት፣ ከየሺወርቅ ጎን ናት። የሺወርቅ የክት ቀሚሷን ለብሳለች።

«ደግሞም» አለ መምህሩ «አባቶቻቸው ግንባር ስለሆኑ ዛሬ እዚህ ያልተገኙላቸው ልጆች አሉን። ስጦታ ያርጋል፣ ነይ ተነሺ! አባቷ ጓድ ያርጋል አገኘሁ ሰሜን ግንባር ነው። አክስቷ ወይዘሮ የሺወርቅ በእሱ ፈንታ ተገኝታለች። እስቲ ለዘማቹ ተነሥተን እናጨብጭብ!»

ሰው ሁሉ ብድግ አለ። በዕድሜዬ ስሜ ተጠርቶ ሰው ሲነሣ ያን ዕለት አየሁ። እኔም አብሬ ተነሣሁ። ስልቻው በእጄ ስለነበር ማጨብጨቡን አልቻልኩበትም።

ዋሴ ጆሮዬ ሥር መጣ። «አንተ ሰው፣ ከግንባር መቼ ገባህ? በፈቃድ ነው ወይስ ከድተህ?»

«ዝም በል ዋሴ።»

«እግሬን ጥይት ነው የመታኝ በላቸው!» ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠ። «እንዳትናገር። ለካ የዘማች ልጅ ናት ብለው ነው ስታረፍድ ያለፏት፣ ደብተርም የሚሰጧት። ውሸት መሆኑ ከታወቀ ያባርሯታል፤ ቀበሌም ይጠይቃታል። በዘማች ስም እኮ ነው!»

ስጦታ ዘወር ስትል ዓይናችን ተገጣጠመ። እጇ አፏ ላይ ሄደ። ልጄ እኔን ስታይ እንደዚያ ስትፈራ አይቻት አላውቅም።

ስብሰባው ሲያልቅ ልወጣ ስል መምህሩ መንገድ ላይ ያዘኝ። ስጦታም የሺወርቅም ከኋላው ቆመዋል።

«አባቴ፣ እርስዎ የማን ወላጅ ነዎት?»

«የስጦታ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው ባጨበጨበበት፣ «ያርጋል እኔ ነኝ፣ የትም አልዘመትኩም» ልል ነበር። ልጅቱን አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች።

«የማንም አይደለሁም» አልኩ። «ለዚች ልጅ ስንቅ አድርስ ተብዬ ነው። የአገሯ ሰው ነኝ።»

ስጦታ መጥታ ስልቻውን ተቀበለችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ ለባዳ እንደሚባለው።

«አባቷን ያውቁታል?» አለ መምህሩ።

«አውቀዋለሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ዝምተኛ ነው። ሰው አይወድም፤ ሰውም አይወደው።»

«ጀግና እንደዚያ ነው!» ብሎ ሳቀና እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ይግቡ እስቲ ቢሮ፣ ሻይ ይጠጡ። ያን ሁሉ ዳገት በዚህ እግርዎ መጥተው!»

የቢሮውን በር ከፍቶ ቆመ። ውስጡ ወንበር ይታየኛል። ከሰደበኝ ሰው ሁሉ በላይ ያን ዕለት የጎዳኝ እሱ ነው። መንገድ ሩቅ ነው ብዬ ሄድኩ።

ከግቢው ውጭ የሺወርቅ ሮጣ ደረሰችብኝ። «አያ ያርጋል፣ ልጅቱን እንዳትቆጣት። ዘምቷል በይ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«እኔ ምን በደልኩሽ?»

«ምን ትበል ታዲያ? አባቴ አለ፣ ግን አይመጣም ይባላል?»

ለሴት አፍ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

ስጦታ ከከተማው እስክወጣ ራቅ ብላ ተከተለችኝ። ሰው ሲሳሳ ጠጋ አለች።

«አባዬ፣ ቅዳሜ ትመጣለህ?»

«ዘማች ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል እንዴ?»

አለቀሰች። እኔ ደግሞ ሲያለቅሱብኝ አልወድም፤ ፊቴን አዞርኩ።

«መጀመሪያ ሞቷል በይ ብላኝ ነበር» አለች ከጀርባዬ። «እንቢ አልኳት። ሞተ ከተባለ በቃ ነው። የዘመተ ግን ይመለሳል ብዬ ነው።»

ዞሬ ላያት ፈልጌ ነበር። ግን ከኋላ ገበያተኛ እየመጣ ስለነበር፣ የሚያውቀን ሰው እንዳያይ ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆማ ተመለሰች።

አሁንም ስንቁን አደርሳለሁ። በትምህርት ቤቱ በኩል አላልፍም፤ በጓሮ ዞሬ የሺወርቅ ቤት አስቀምጬ እመለሳለሁ። አንዳንድ ቀን ስጦታ ትኖራለች፣ አንዳንድ ቀን ባዶውን ስልቻ አጥባ በር ላይ ሰቅላልኝ አገኘዋለሁ። ለማደሪያው ሁለት የባሕር ዛፍ ወጋግራ ልኬያለሁ፤ ማን ላከው ቢሉ የአገሯ ሰው ተብሏል።

ማታ ዋሴ ቤት እየሄድኩ ሬዲዮ እሰማለሁ። ዱሮ የዋሴን ደጅ አልረግጥም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ የጦርነቱን ወሬ ያዳምጣል፤ አንዱ ልጁን ይጠብቃል፣ አንዷ ባሏን ትጠብቃለች። እኔ ጥግ ይዤ ራሴን እጠብቃለሁ። ወሬው ሲያልቅ ዋሴ ሬዲዮውን ያጠፋና፣ ሌላው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ገና ነህ ዘማቹ» ይለኛል። ዱላዬን አንሥቼ ወደ ላሚቱ እሄዳለሁ።