ጩኹ እንጂ አትሩጡ

«ባሏ እጅ ላይ ነው ያለፈችው» አለች የሟች ታላቅ እህት፣ አሁን ለገቡት ለቀስተኞች። «እንደ ሕፃን አቅፏት። ምንም አልተሰቃየችም።»

ልብስ ሰፊው ጥግ ካለው ወንበር ላይ ሆኖ ሰማት። ሚስቱ ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ይህችን ወሬ ስንት ጊዜ እንደሰማት ቁጥሩ ጠፍቶበታል። የመጣው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ «መታደል ነው» ይልና ሻዩን ይቀበላል። እሱም ራሱን ይነቀንቃል። በመጀመሪያው ቀን ያላስተባበለውን ነገር በሦስተኛው ቀን ከየት ይጀምረው?

ከለቀስተኛው ግማሹ በልምምድ ላይ የሱን ክንድ ያሰረ፣ እግሩን በእንጨት የደገፈ፣ በቃሬዛ የተሸከመው ሰው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ሰዉ ሁሉ ሲስተር የሚላት ሚስቱ ያኔ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነበረች። አንድ ቀን የመጋዘን ግድግዳ ተንዶ አንድ ግንበኛ ላይ ወደቀ። ሰፈርተኛው ደረሰለት። አንዱ በእጁ፣ አንዱ በእግሩ ይዞ ጎትቶ አወጣውና በጭነት መኪና አጣድፎ አመጣላት። የግንበኛው ነፍስ ተረፈች፤ እግሩ ግን ዳግመኛ አልቆመም። ወገቡን የጎዳው ግድግዳው ሳይሆን አወጣጡ ነበር። ያን ዕለት ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠችና «ሰው በደግነቱ ሰው ሰበረ» አለች።

በሳምንቱ የትምህርት ቤት አዳራሽ ለምና፣ የሰፈሩን ዳቦ ጋጋሪ ሴት፣ ሁለት ሹፌሮችንና አንዲት አስተማሪ ሰብስባ ማሠልጠን ጀመረች። የሚፈስ ደም እንዴት እንደሚገታ፣ የተሰበረ ሰው እንዴት እንደሚነሳ፣ ጎርፍ ወይም እሳት ሲመጣ ማን የት እንደሚቆም። መለማመጃ የሚሆን ቁስለኛ ሲጠፋ ባሏን አስተኛችው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንዴ ጭኑ ተሰብሮ፣ አንዴ እሳት ለብልቦት ወለሉ ላይ ይጋደማል። በጎ ፈቃደኞቹ «ጋሽ ቁስለኛ» አሉት። አንድ ቀን ቁስለኝነቱን ረስቶ እንቅልፍ ወሰደውና አንኮራፋ፤ ሲስተር «ይኼ ትንፋሽ አለው፣ ወደሚቀጥለው» ብላ ተራምዳው ስታልፍ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰማው አንድ ነገር ነበር። «ልቡ የቆመ ሰው ስታገኙ ጩኹ እንጂ አትሩጡ» ትላቸዋለች። «ደረቱን እየተጫናችሁ ጩኹ፤ እናንተ ከሮጣችሁ እሱ ማንም የለውም።»

በሞተችበት ጠዋት ቁርስ ልታነሳ ብድግ ብላ የወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ወደቀች። ጠራት። ትከሻዋን ወዘወዛት። ትንፋሽ የላትም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ መስኮቱም ክፍት ነበር። እሱ ግን ባዶ እግሩን ወጥቶ፣ አምስት ቤት አልፎ እስከ ዳቦ ቤቱ ሮጠ። ዳቦ ጋጋሪዋ ከእጇ ላይ ዱቄቱን እንኳ ሳታራግፍ ቀድማው ደረሰች። አምቡላንስ እስኪመጣ የሲስተርን ደረት ስትጫን ቆየች። ከልፋቷ የተረፈው በሲስተር ጥቁር ሹራብ ላይ የታተመ የዱቄት መዳፍ ብቻ ሆነ።

በዚህ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በጎ ፈቃደኞቹ ብርቱካናማ ሰደርያቸውን አጣጥፈው በክንዳቸው ይዘው፣ አንድ ላይ መጡ። ዳቦ ጋጋሪዋ መጨረሻ ገባች። ልብስ ሰፊው ራሱ ሰፍቶ በጨርቅ ቁርጥራጭ የጠቀጠቀውን፣ ደረት መጫን የሚለማመዱበትን ትልቅ አሻንጉሊት ታቅፋለች። የሲስተርን ዕቃ ለቤቷ ልትመልስ ነው።

እህትየው ወሬዋን ጀመረች። «እጁ ላይ ነው ያለፈችው፣ አቅፏት...»

«አይደለም እትዬ» አለ ልብስ ሰፊው። ድምፁ ቀጭን ነበር። «ጥያት ሮጥኩ። ብቻዋን ነው የሞተችው።»

እህትየው አፏን በመዳፏ ያዘች። አንደኛው ሹፌር ወለሉን ማየት ጀመረ። ከበጎ ፈቃደኞቹ መሐል «አትሩጡ» ያልተባለ አልነበረም።

ልብስ ሰፊው ወደ ዳቦ ጋጋሪዋ ዞረ። ያየችውን ለማንም ትንፍሽ እንዳላለች ያውቃል።

«ባልሮጥ ኖሮ ትተርፍ ነበር?»

«አላውቅም ጋሼ» አለች። «አትተርፍም ነበር ልልዎት ፈልጌ ነበር። ግን ሲስተር ለበሽተኛ ቤተሰብ አትዋሹ ብላናለች።»

ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱ ውስጥ ከተነገረው ሁሉ የሚጨበጥ ነገር ይኼ ብቻ ነበር። አላጽናናውም፤ እሱ ግን ጨብጦ ያዘው።

«እንግዲያው አሳዪኝ» አላት። «እኔ መጋደም እንጂ መጫን አላውቅም።»

እህትየው በለቅሶ ቤት ይኼ ነውር ነው ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ወንበሮች ተገፉ። ዳቦ ጋጋሪዋ አሻንጉሊቱን ምንጣፉ ላይ አጋደመችው። ልብስ ሰፊው ተንበረከከ። መዳፉን በመዳፉ ላይ ደርባ የአሻንጉሊቱ ደረት መሐል አኖረችለት፤ ክንዱን ቀጥ አደረገችለት፤ ሠላሳ ሲሞላ እንዲያቆም ነገረችው።

«አንድ» አለ። «ሁለት።»

መጀመሪያ እጁ ፈራ። አሥር ላይ ለመደ። ሃያ ላይ ጨርቁ ከሥሩ ማቃሰት ጀመረ። ሠላሳ ሲል ዳቦ ጋጋሪዋ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

«ሠላሳ አንድ» አለ ልብስ ሰፊው።