አማትና ምራት በማዋለጃ ክፍል

የአውቶቡስ ሾፌሯን ምጥ ሲጀምራት ባሏ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበር። ስለዚህ ሆስፒታል ይዛት የሄደችው አማቷ ናት። ሁለቱ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ሆድና ጀርባ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ሲበረታባት ሾፌሯ የአልጋውን ብረት ጨብጣ አዋላጇን ለመነቻት። «በቃኝ፤ ኦፕራሲዮን አድርጋችሁ ገላግሉኝ።»

አዋላጇ የፅንሱን የልብ ምት አዳመጠች። «ልጅሽ ደህና ነው፤ ምጡም በደንብ እየሄደልሽ ነው። እስቲ ተነሥተሽ ትንሽ ተንቀሳቀሺ።»

አማቷ ትከሻዋን ሰጠቻት። ምራቷን ደግፋ በኮሪደሩ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆየችና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «እኔ ባልሽን ስወልድ እኮ አዋላጇን ነክሻታለሁ።»

ሾፌሯ በምጥ መሐል ሳቋ አመለጣት። «እርስዎንም እንዳልነክስዎ ይጠንቀቁ።»

«ንከሺኝ የኔ ልጅ፤ ብቻ አይዞሽ።»

ሾፌሯ እንዲህ ያለ ቃል ከአማቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። ጉልበቱ ከየት እንደመጣላት እንጃ፣ ወደ ክፍሉ ተመልሳ አዋላጇ «አሁን ግፊ» ስትላት ያላትን ሁሉ አሟጣ ገፋች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ተገላገለች።

ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኙላት። እርጥብና ትኩስ ነበረች፤ እየጮኸች የእናቷን ጣት ያዘች።

«ማንን ትመስላለች?» አለች ሾፌሯ፣ ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል።

አማቷ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ቁጣዋ አንቺን ነው። ሌላውን አባቷ መጥቶ ይፍረድ።»