ሐይቁ ላይ የሌለው ጭረት

አሲዱ የሞተሩን ሲሊንደር ግድግዳ ሲነካው ጭስስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ኦቭላ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት አሸት አሸት አደረገውና ፊቱን ወደ ጎን መለሰ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል።

"መብራቱን ዝቅ አድርጊው፣ ራቭና።"

ዝቅ አደረገችው። "ራቭና" ሲላት ግን ደነገጠች። አጎቷ ኦቭላ እኮ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ስልክ ከእጇ ስለማይለይ "ሚኒስትሯ" ነው የሚላት። እነሱ ዘንድ ሰው የሚወደውን ያሾፍበታል፤ አጋዘን አርቢው ዘመድ በሙሉ እንደዛ ነው፣ ልጅ የሚያድገው እየተቀለደበት ነው። መፍራት ያለብሽ ቀልዱ ሲቀርብሽ ነው። የበረዶ ሞተርሳይክሉ በረዶ በሠራው ሐይቅ ላይ ከቆመ ወዲህ ደግሞ ኦቭላ አንዲት ቀልድ አልጣለባትም።

ሞተርሳይክሉ ጋራዡ መሃል ሆዱ ተዘርግፎ ቆሟል። ፒስተኑ ግሎ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ተለጥፎበታል፤ ግድግዳው ላይ እንደ ማስቲካ የተጎተተ ብርማ ነገር ይታያል። አሲዱ ያንን የፒስተን አሉሚኒየም ብቻ በልቶ ካወጣው ሲሊንደሩ ተረፈ ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ጠንካራ ሽፋን ተቧጭሮ ከሆነ ግን አለቀለት። አዲስ ሲሊንደር እስኪመጣ ደግሞ ያረገዙት አጋዘኖች ቆመው አይጠብቁም፤ ሊወልዱ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ጉዞ ሊጀምሩ ነው። የኦቭላ ጉልበት በእግር መንጋ መከተል ካቆመ ቆይቷል። በጉዞው ጊዜ ደግሞ ሞተርሳይክል የሚያውሰው የለም፤ የራሱ ካልተነሳ እሱም ይቀራል።

በሩ ተከፈተና ጋሬን ከነቅዝቃዜዋ ገባች። መንጋ አብራቸው የምትጠብቅ ጎረቤታቸው ናት፤ አፏ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

"በሽተኛው እንዴት አደረ?" አለች፣ ከኪሷ ደረቅ የአጋዘን ሥጋ አውጥታ በቢላዋ እየላጠች።

"ትንፋሹ አለ" አለ ኦቭላ።

"አንተ ሰውዬ ግን ትንሽ አታፍርም? የመንደሩን ልጅ ሁሉ 'መቧጠጫውን አውርዱ፣ ሞተሩን እንዳታቃጥሉት' እያልክ ጆሯችንን ስትበላው ኖረህ፣ የራስህን ውኃ በቅጡ ሳትሞላ ትቀር?"

"እርጅና ነው።"

"እርጅናማ ድሮም ነበረብህ። ቆይ፣ አጥሩ ጋ ስንሰበሰብ እነግርልሃለሁ። ዓመቱን ሙሉ የምንስቅበት አገኘን።"

ኦቭላ ትከሻውን ሰበቅ አደረገ። የራቭና ጆሮ ጋለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ሞተርሳይክል የሚያበርደው ውኃ ራሱ የሚቀዘቅዘው ከሥሩ በሚረጨው በረዶ ነው። ሐይቅ ላይ ነፋሱ ብናኙን ጠርጎት መስታወት የመሰለው ብቻ ሲቀር፣ መቧጠጫ የሚባሉትን፣ በጎንና በጎኑ ያሉትን ሁለት የብረት ሽቦዎች ታወርጃለሽ፤ እነሱ በረዶውን እየቧጠጡ ይረጩለታል። ችግሩ ይጮኻሉ። ራቭና ከመንገድ ዳር መኖ ጭና ስትመለስ ፀሐይዋ አማረቻትና እየዘፈነች ቪዲዮ ልትቀርጽ ፈለገች። ሽቦዎቹ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ። ቪዲዮው ተበላሸ። ሰቀለቻቸው። ሁለተኛው ቀረጻ እንዴት እንዳማረ፤ ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ግርር አለና ቀጥ።

እሱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። አጎቷ ሞተርሳይክል ተውሶ ሊጎትታት ሲመጣ ከሩቅ አየችውና ተንበርክካ ሽቦዎቹን መልሳ አወረደቻቸው። መሬት ዋጪኝ የሚያሰኛት ይሄኛው ነው። ኦቭላ ሽቦዎቹን አየት አደረገና "እንግዲያ ውኃው ነው፣ የሞላሁት እኔ ነኝ" አለ። እሷም ዝም አለች።

"ጨርቅ አቀብይኝ" አለ አሁን፣ ሲሊንደሩን በውኃ አለቅልቆ። "ከመኖው ኋላ አለ።"

ሄደች። ከተደረደሩት ከረጢቶች አንዱ ጎኑ ተቀድዶ በረዶ ግግር ብሎበታል።

"ይሄ ምን ሆኖ ነው?"

"ሐይቁ ላይ ጥለሽው ነበር። ትናንት በተዋስኩት ሞተርሳይክል ዱካሽን ተከትዬ ሄጄ አመጣሁት።"

ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ራቭና ጨርቁን እንደያዘች ቀረች። ሽቦዎቹ ሲወርዱ በረዶው ላይ ሁለት ቀጫጭን ጭረት ያሰምራሉ፤ ይሄንን እዚያ አገር ሕፃንም ያውቀዋል። የእሷ ዱካ ግን ከዳር እስከ ዳር ጭረት የለበትም። አይቶታል። አይቶት ነው "እርጅና ነው" እያለ ስድቡን የሚሸከመው።

"ነይ፣ ጥፍርሽን አሳልፊበት። የኔ ደንድኗል፣ አይሰማም። ከያዘሽ ተቧጭሯል።"

ቀለሙ የተላላጠ ጥፍሯን ከላይ ወደ ታች አንሸራተተች።

"አልያዘኝም።"

"ድገሚው።"

"አልያዘኝም። ልስልስ ነው።"

ኦቭላ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። "ተርፏል። መለዋወጫ ፒስተን ከነፋሻ ቀለበቱ አሮጌው ሣጥን ውስጥ አለኝ። እንሄዳለን።"

"እሰይ" አለች ጋሬን ቢላዋዋን እያጠፈች። "በሉ እኔም ወሬዬን ሳይቀዘቅዝ ላድርሰው።"

"እትዬ ጋሬን፣ ትንሽ ቆዪ።"

ራቭና ስልኳን አወጣች። ቪዲዮውን ለማንም አላሳየችም፣ ለማጥፋትም እጇ አልታዘዘላትም ነበር። የመንጋው ሰዎች በሙሉ ያሉበትን ግሩፕ ከፈተች። አውራ ጣቷ እላዩ ላይ ቆየ። ላከችው።

የጋሬን ኪስ ጮኸ። ወንበሩ ላይ የኦቭላም ስልክ ጮኸ። ጋራዡ ውስጥ የራቭና ዘፈን በሁለት ስልክ፣ አንዱ ከአንዱ ወደ ኋላ እየቀረ ተሰማ። አፏን ከፍታ ትዘፍናለች፤ ከኋላዋ በረዶው ራቁቱን ያብለጨልጫል፤ ሽቦዎቹ ተሰቅለዋል። ጋሬን ስልኩን አየች፣ ኦቭላን አየች፣ መልሳ ስልኩን አየች። ራቭና ወለሉ ላይ ያለውን የዘይት ጠብታ ታያለች።

ኦቭላ መነጽሩን ጠርጎ እስከ መጨረሻው አየው። ከዚያ ስልኩን አስቀመጠና ሲሊንደሩን የምትፈትግበትን ብርጭቆ ወረቀት ዘረጋላት።

"ሚኒስትሯ" አለ፣ "መቧጠጫው እኮ ካንቺ የተሻለ ነበር የሚዘፍነው።"