አሥራ አምስተኛው መውጫ

ማተሚያው የኮልፌን ዝርዝር ግማሽ ላይ አድርሶ ለአራተኛ ጊዜ ቀጥ አለ። ስክሪኑ ላይ ያው መልእክት ወጣ፤ ፋይል መክፈት አልተቻለም።

"እጄን አላሳረፍኩበትም፣ ልጄ" አሉ የማሽኑ ሠራተኛ ጋሽ ወዬሳ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው። "አንቺው አይተሻል።"

"አይቻለሁ። ይቀመጡ፣ ጋሽ ወዬሳ" አለች ጽጌማርያም።

ዝርዝሩን የሚያወጣውን ፕሮግራም ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈችው እሷ ናት። ከኮልፌ እስከ ቀራንዮ ያለው ቤተሰብ የጥቅምትን ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ የሚወስደው በዚህ ዝርዝር ነው፤ ሦስት ቀን ዘግይቷል። መሥሪያ ቤቱ ታዲያ ፕሮግራሙን ሳይፈትሽ ሰው ፈተሸ። የኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ "ዘጠኝ ሰዓት፤ የጓድ ወዬሳ ገሜዳ አሻጥር፤ ሂስና ግለሂስ" ተብሎ ተለጥፏል። አምና ስሙ እንዲህ የተለጠፈ የመጋዘን ሠራተኛ ከስብሰባው ወጥቶ መኪና ላይ ሲጫን ታየ፤ እስካሁን አልተመለሰም። ጋሽ ወዬሳ የአምስት ልጆች አባት ናቸው።

ጽጌማርያም የፕሮግራሙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በቀይ እርሳስ መውጫዎቹን፣ ፕሮግራሙ አንዱን ቤተሰብ ትቶ ወደሚቀጥለው የሚያልፍባቸውን ቦታዎች፣ መቁጠር ጀመረች። በሲ ቋንቋ የከፈቱትን ፋይል ራስ ካልዘጉት የሚዘጋ የለም፤ ማሽኑ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከሃያ በላይ ክፍት ፋይል አይችልም። ስለዚህ ከየመውጫው በፊት አራት የመዝጊያ መስመሮች እየደጋገመች ጽፋለች። አሥራ አራቱ መውጫዎች ጋ አሉ። አሥራ አምስተኛው ጋ የሉም።

ወዲያው አስታወሰችው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኃላፊዋ ጓድ ሰብስቤ ራሷ ላይ ቆሞ "ለአብዮት በዓል ይድረስ! አሁኑኑ!" እያለ ነበር ይህን መውጫ ያስጨመራት፤ የቤተሰብ ቁጥሩ የማይገጥም ሁሉ ይታለፍ ተባለ። ያልገጠመ ቤተሰብ በመጣ ቁጥር ፋይል ክፍቱን ይቀራል፤ ሃያው ሲሞላ ማተሚያው ይቆማል።

"ጓድ ሰብስቤ፣ ስህተቱ ተገኘ" አለች፣ ወረቀቱን ቢሮው ድረስ ይዛለት ሄዳ። "የእኔ ነው። መዝጊያውን አንድ ቦታ ላይ ብቻ አድርጌ ሁሉም መውጫ ወደዚያ እንዲዘል አደርገዋለሁ።"

"በምን ይዘላል?"

"በጎቱ፤ 'ወደዚህ ሂድ' በሚለው ትእዛዝ።"

"ጎቱ በመመሪያችን የተከለከለ ነው! እዚያችው ላይ አራቱን መስመር ቅጂና ጨርሺ።"

"ነገ አሥራ ስድስተኛ መውጫ ጨምሪ ይሉኛል፤ እሱም ጋ ይረሳል። መመሪያዎ ክፍት ፋይል መተውን አይከለክልም?"

"አፍሽን ሰብስቢ፣ ጓድ!"

አፏን ሰበሰበች፤ እጇን ግን አልሰበሰበችም። ተመልሳ አሥራ አምስቱንም መውጫ በጎቱ ወደ አንድ መዝጊያ አዞረቻቸው። ስልሳ ገደማ መስመር ወደ አራት ወረደ። ስምንት ሰዓት ላይ ማተሚያው ተነሣ፤ የኮልፌን ጨርሶ ቀራንዮ ገባ፤ እዚያም አልቆመም።

"ይኸው ሄደ!" አሉ ጋሽ ወዬሳ፣ የሚወጣውን ወረቀት እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው እየተቀበሉ። "እንግዲህ ስብሰባው ቀረልኝ፣ አይደል?"

ጽጌማርያም ወደ ሰብስቤ ቢሮ ሄደች።

"ዝርዝሩ ወጥቷል። አጀንዳውን ያንሡላቸው።"

"ጥሩ። ዝላይዋን በኋላ ታወጫታለሽ" አለ ሰብስቤ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። "አጀንዳው ግን ወደ በላይ አካል ሄዷል። አይሰረዝም።"

"ሰውየው ምን አድርገው ነው የሚጠየቁት?"

"እሱ ስብሰባው ላይ ይታያል።"

"ምንም እንዳላደረጉ ያውቃሉ እኮ!"

"የማውቀውን አንቺ አትነግሪኝም። አጀንዳ ተይዟል፤ ሰው ይቀርብበታል። ሂጂ።"

ጽጌማርያም ወጣች። ኮሪደሩ ባዶ ነበር፤ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ። ሰሌዳው ፊት ቆመች። በዚህ ሕንፃ ሰው ላይ የተከፈተን ነገር የመዝጋት ግዴታ ያለበት ማንም የለም፤ ከፋቹ እንኳ።

ቀዩን እርሳስ ከኪሷ አወጣች። አጀንዳውን አልሰረዘችም። "አሻጥር" የሚለውን ሰርዛ ከላዩ "ስህተት" ብላ ጻፈች። ቀጥላ "ወዬሳ ገሜዳ" የሚለውንም ሰረዘችና፣ ሩቅ የቆመ ሰው እንዲያነበው አድርጋ፣ "ጽጌማርያም በዛብህ" ብላ ጻፈች።