የኡበይደላ ደጃፍ

ኡበይደላ ቃል የሚያበዛ ሰው አይደለም። ሌላው የሀብሩ ሰው ሰላምታውን ከልጅ ጤና ጀምሮ እስከ ከብቱ ሲያወርደው፣ እሱ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ የሚያልፍ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው የተናገራት አንዲት ቃል ክፉ ስትሆን መከራው አይጣል ነው። ለፍላፊማ ቢራገም ማን ይሰማዋል? ጠዋት የረገመውን ማታ ይመርቀዋል።

ነገሩ የሆነው ካቻምና በሽንኩርት ወራት ነው። የመስኖው ውሃ በተራ ነው የሚደርሰው። ተራህ ካለፈህ ሳምንት ትጠብቃለህ፤ ሽንኩርት ደግሞ ሳምንት አይጠብቅም። በዚያ ሰሞን ውሃውን እንዲያዞር የታዘዘው ልጁ ኢዘዲን ነበር። ኢዘዲን ግን ወልድያ ግጥሚያ አለብኝ ብሎ ጎህ ሳይቀድ በሚኒባስ ሄደ። ውሃው የሌላ ሰው ማሳ ገባ፤ የኡበይደላ ሽንኩርት ቆሞ ደረቀ። ልጁ በሦስተኛው ቀን፣ ጁምዓ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ አዲስ የኳስ ጫማ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እየሳቀ መጣ።

ኡበይደላ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቀው። የልጁን ቀኝ እግር በዱላው ጫፍ እየጠቆመ፣ "ይህ እግርህ ይህን ደጃፍ አይርገጥ!" አለ።

ግቢው ውስጥ የኡበይደላ አክስት ዓቢዳ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ይቆጥሩ ነበር። ደንግጠው ቀና አሉ።

"አስተግፊሩላህ በል! ጁምዓ ነው እኮ አንተ፣ ሰዓቷ ነች!"

ጁምዓ ከአስር በኋላ ዱአ የምትያዝባት ሰዓት እንዳለች ኡበይደላም ያውቃል። ሰዓቷ ደግሞ መልካሙን ከክፉ ለይታ የምትቀበል አይደለችም ይላሉ አሮጊቶቹ። ግን ንዴቱ አናቱ ላይ ወጥቶ ነበርና አስተግፊሩላህ አላለም። ልጁም ደጃፉን አልረገጠም፤ ዞሮ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ከዚያ ወዲያ ልጁ ወደ ላይ ወደ ላይ አለ። መጀመሪያ ወልድያ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ ዘንድሮ ደግሞ ብሔራዊ ቡድን ገባ። የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች የሚፎካከሩበት ዋንጫ፣ ሴካፋ የሚሉት፣ ዳሬሰላም ሊደረግ ነው ሲባል የመርሳ ባጃጆች የኢዘዲንን ፎቶ መስተዋታቸው ላይ ለጠፉ። ሰዉ "እንኳን ደስ ያለህ" ባለው ቁጥር ኡበይደላ "አልሐምዱሊላህ" ይላል። ቃሉ የወረደው ግን እግር ላይ ነው፤ ልጁ ደግሞ የሚኖረው በእግሩ ነው። ለሚስቱ ለመሪማ እንኳ አልነገራትም። ያን ቀን ገበያ ነበረችና የምታውቀው አባትና ልጅ በሽንኩርት መኳረፋቸውን ብቻ ነው።

ስልክ ሲደወል "ደህና ነህ?" ይላል ኡበይደላ። "ደህና ነኝ አባ" ይላል ልጁ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ለእናትየው ይተላለፋል። አፉ ብዬሃለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ ብሎ ይቅርታ ሊጠይቀው ስንቴ አስቧል!

ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ዓቢዳ ዘንድ ሄደ።

"አክስቴ፣ አፉ ብለው ቃሉ ይነሣል እንዴ? እርስዎ ያውቃሉ።"

"አፉ ቂምን ነው የሚያነሣ። ቃልማ ወጥቷል፤ አላህ ካልራራ ያልከው ይሆናል።" አሮጊቷ ማባበል አይወዱም። "እስቲ ምን ነበር ያልከው? ቃሉን እንደወጣ ንገረኝ።"

ኡበይደላ ሊናገረው ከንፈሩን አላቀቀና ፈራ። ደግሜ ብናገረው ይጸናል ብሎ ሳይመልስላቸው ወጣ።

የመጀመሪያዎቹን ግጥሚያዎች አላየም። ኢትዮጵያ ከኡጋንዳ ጋር ለግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ ግን ሲሳይ አስገደደው። ሲሳይ አብሮ አደጉ ነው፤ መርሳ ላይ ኳስ የሚታይበት ሻይ ቤት አለው። አንዱ ለጥምቀት ሌላው ለመውሊድ ሳይጠራሩ ውለው አያውቁም። "የልጅህን ኳስ እኔ ክርስቲያኑ ጾሜን ውዬ ሳይ አንተ ሽንኩርት ትኮተኩታለህ?" አለና ጎትቶ ከፊት አስቀመጠው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቤቱ እስከ በረንዳው ጢም ብሏል። ሰው ሁሉ ኳሷን ያያል፤ ኡበይደላ የሚያየው አንድ ቀኝ እግር ብቻ ነው። እግሩ ሲሮጥ ትንፋሹን ይይዛል፣ ሲቆም ይተነፍሳል። ኢዘዲን በቀኝ መስመር ሰው አልፎ ኳሷን ወደ መሐል ሲልካትና ጎል ሲሆን ቤቱ ተናወጠ፤ አግዳሚ ወንበር ተገለበጠ። ኡበይደላ ብቻ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

"ጎል ነው እኮ! አላየህም?" አለ ሲሳይ እየነቀነቀው።

"እግሩን ረግጦታል ወይ ያ ረጅሙ?"

"ኧረ ኳሷን እይ፣ አንተ ሰው!"

"ኳሷ ምኔ ናት።"

ረጅሙ የኡጋንዳ ተከላካይ ከጎሉ በኋላ ብሶበት ነበር። ሁለቴ ጠለፈው፣ ሁለቴ ኢዘዲን ተነሣ። በሰባኛው ደቂቃ ልጁ ኳሷን ይዞ ወደ መስመሩ ሲሸሽ ተከላካዩ ከኋላ ሁለት እግሩን ዘርግቶ ተንሸራተተ። ኡበይደላ የጫማውን የብረት ጥርስ አየው፤ ወዴት እንደሚሄድም አየ። ከወንበሩ ብድግ ሲል መብራት ጠፋ።

ቤቱ በጩኸት ተሞላ። አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ያፏጫል፣ ሌላው ጄኔሬተር ይላል፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። ኡበይደላ የቴሌቪዥኑን ጥቁር መስኮት ትክ ብሎ እያየ ቀረ። ስልክ ቢሞክሩ መስመሩም አብሮ ሄዷል። ኡበይደላ ወደ መነኸሪያው ሲያመራ ሲሳይ ሻይ ቤቱን ለሰው ጥሎ ተከተለው። ወልድያ መብራትም ስልክም አይጠፋም ተባብለው ሚኒባስ ተሳፈሩ።

ሲሪንቃን ሲያልፉ የሹፌሩ ሬዲዮ መንተባተብ ጀመረ። ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ከብዙ ፉጨት በኋላ የጋዜጠኛው ድምፅ ወጣ፦ "...የቀኝ መስመሩ ኢዘዲን ኡበይደላ በቃሬዛ ወጥቷል..." ቀጥሎ ፉጨት ብቻ ሆነ።

ሀብሩ ውስጥ ቃሬዛ ምን እንደሚጫንበት ኡበይደላን መንገር አያስፈልግም። አባቱን በቃሬዛ ነው የሸኘ፤ ወንድሙንም። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" ብሎ መርዶ ሲሰማ የሚባለውን ተናገረና ራሱን የፊት ወንበሩ ላይ ደፋ። አንዲት ሴትዮ ደረቷን ያዘች።

"አንተ፣ የኳስ ሜዳ ቃሬዛ እንደኛው አይደለም!" አለ ሲሳይ ትከሻውን እየያዘ። "አውራ ጣቱን ያመመውንም ይጭኑበታል! አብሽር በቃ!" የራሱ ድምፅ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ኡበይደላ ይህችን ሰማ።

ወልድያ መነኸሪያ ስልኩ ሠራ፤ የልጁ ቁጥር ግን ዝግ ነው። አንድ ሰዓት ያህል የመነኸሪያው ግንብ ሥር ተቀመጡ። በአጠገባቸው የሚያልፉት ኢትዮጵያ አቻ ወጥታ በመለያ ምት ተሸነፈች እያሉ ሲያዝኑ ኡበይደላ አልሰማቸውም። አላህን ሊለምን ይጀምርና ያ ቃል ከልመናው ፊት እየቆመ ያቋርጠዋል። እኔው ነኝ፣ በገዛ አፌ ነው የገደልኩት፣ ይላል በልቡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የማያውቀው ረጅም ቁጥር ደወለ።

"አባ?"

ኡበይደላ ስልኩን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ለጠፈ። ሲሳይ ስልኩን ከእጁ ሊነጥቅ ምንም አልቀረውም።

"አባ፣ ደህና ነኝ። ቁርጭምጭሚቴ ነው፤ አጥንቱ ተሰንጥቋል። ጀሶ አድርገውልኛል። ዶክተሩ ይድናል ብሏል፣ ብቻ ለተወሰነ ጊዜ እንዳልረግጥበት።"

"የቱ እግርህ?"

"ቀኙ። አባ... እረፍት ሰጥተውኛል። ቤት ልምጣ? ደጁን ይፈቅዱልኛል?"

ሁለት ዓመት! ልጁም ያችን ቃል ይዟት ዞሯል። ኡበይደላ "ና" ብቻ አለ። እዚያው ግንቡ ሥር፣ ሰው እያየው፣ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ለቅሶው ሲወጣለት ሌላ ፍርሃት ተተካ። ቃሉ ጀምሮ ቁርጭምጭሚት ላይ ደርሷል፤ ልጁ መጥቶ ያን ደጃፍ ቢረግጥ ቀሪውንስ? አትምጣ ቢለው ደግሞ ዳግመኛ ልጅ የለውም። በማግስቱ ማለዳ ዓቢዳ ዘንድ ሄደና ሳይጠይቁት ተናገረው።

"ይህ እግርህ ይህን ደጃፍ አይርገጥ ነው ያልኩት። እንዳለ ይኸው ነው።"

ዓቢዳ ሙስበሃቸውን አቆሙ። "የቱን ደጃፍ?"

"ይህን ነዋ! የቤቴን... " አለና ቀጥ አለ። አሮጊቷን አየ። አሮጊቷም አዩት።

"ለጁምዓ ከአስር ሶላት በፊት ጨርስ" አሉና ቆጠራቸውን ቀጠሉ።

መሪማ ባሏ በዶማ የቤቱን የጓሮ ግድግዳ ሲንድ ስታይ ጎረቤት ልትጠራ ነበር። "ያ አላህ! ሰውዬው ለቆበታል!" ኡበይደላ ዶማውን ጥሎ ከሥር እስከ ጫፍ ነገራት። ተቀመጠች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ባሏን ሰምቶት የማያውቀውን ስድብ ሰደበችው። ስትጨርስ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃና ጭድ ልታቦካ ገባች። ሦስት ቀን ሠሩ። አሮጌውን መዝጊያ ነቅለው ደጃፉን በድንጋይ ደፈኑትና መረጉት፤ መዝጊያውን ወደ ጓሮ አዞሩት። የሰፈሩ ሰው ኡበይደላ ልጁ ዝነኛ ሲሆንበት ቤቱን አዞረ እያለ ሳቀ።

ጁምዓ ከአስር በኋላ ኡበይደላ ጓሮ ተንበርክኮ የአዲሱን ደፍ ጭቃ በእጁ ሲያለሰልስ ነው የባጃጁን ጥሩምባ የሰማው። የመጣበት ሰዓት ያው የእርግማኑ ሰዓት መሆኑን አስቦ ደነገጠና በቤቱ ዙሪያ ሮጠ።

ኢዘዲን በሁለት ክራንች ተደግፎ ከተደፈነው ደጃፍ ፊት ቆሟል። ጭቃው ገና አልደረቀም። የትከሻ ቦርሳውን አስተካከለና ወደ ባጃጁ ዞረ። ኡበይደላ ያን ጀርባ ያውቀዋል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በሐሳቡ ሲያየው ነው የኖረው።

"ኢዘዲን!" ጩኸቱ ራሱንም አስደነገጠው። "በዚያ አይደለም፣ የኔ አባት! በዚህ ነው!"

ልጁ ቆመ። ሳይዞር፣ "ዘግተውታል እኮ አባ" አለ።

"የዘጋሁት ቃሉን ነው። ላንተ ሌላ ከፍቻለሁ፤ ና።"

ኢዘዲን የአባቱን ጭቃ የለበሰ እጅ አየ። ተከትሎት ወደ ጓሮ ዞረ። መሪማ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ጓሮ ተቀምጠው የነበሩት ዓቢዳ በእጃቸው ከለከሏት። አዲሱ ደፍ ፊት ሲደርስ ልጁ አመነታ። ቤት የሚገባ በቀኝ እግር ነው፤ የእሱ ቀኝ ጀሶ ውስጥ ነው፣ እንዳይረግጥበት ተነግሮታል።

ኡበይደላ ዝቅ አለ። ጀሶውን ተረከዙ ላይ በሁለት እጁ ደግፎ አነሣውና፣ "ቢስሚላህ" ብሎ ደፉን አሻግሮ፣ እርጥቡ ጭቃ ላይ ክብደት ሳያሳርፍበት አስነካው።

"ሰዓቷ ነች" አሉ ዓቢዳ ቀስ ብለው። "የምትለውን በል።"

"አፉ በለኝ" አለ ኡበይደላ። ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም፤ የተናገረው ለእግሩ ነው።

"አፉ ብያለሁ አባ። እርስዎም አፉ ይበሉኝ፤ ውሃውን ጥዬ ሄጄ ነበር።"

መሪማ እልልታዋን አቀለጠችው። ኡበይደላ ግን እግሩን ቶሎ አልለቀቀም።