የወረደው ኒውትሮፊል

በመካኒክነት እኔን የሚስተካከል ገና አልተወለደም፤ ሞተር ሲያስል ብቻ ሰምቼ በሽታውን አውቃለሁ። ካንሰር ሲይዘኝ እንኳ ያዘንኩት ለካንሰሩ ነበር። አራተኛውን ኬሞ ልወስድ ስሄድ ግን ዶክተሯ የደም ውጤቴን አይታ፣ «ኒውትሮፊልዎ ወርዷል፤ ኬሞው ለሳምንት ይተላለፋል» አለችኝ። ሆስፒታሉን ራሴ ያቋቋምኩት ይመስል ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ።

ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ምን አለችህ?»

«መድኃኒቱ ፈርቶዎት እረፍት ጠየቀ አለችኝ።»

«እሺ ጀግናው፣ ታዲያ አንተን ምን አስፈራህ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ተስፋ ቆርጠውብኝ መስሎኝ ነበር። እንደኔ ራሱን የሚነቀንቅ ደንበኛ ጋራዤ ውስጥ ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። ምንም አልገባውም ማለት ነው፤ ያስረዳሁትን በራሱ አፍ ካልደገመልኝ የመኪናውን ቁልፍ አልሰጠውም።

ተመልሼ በሩን አንኳኳሁ። «ዶክተር፣ አልገባኝም። እንደገና ያስረዱኝና እኔ ልድገምልዎት።»

አስረዳችኝ፤ ደገምኩ። «ኒውትሮፊል ኢንፌክሽን የሚዋጋ ነጭ የደም ሴል ነው። ኬሞው ቀንሶታል። እስኪያገግም እንጠብቃለን እንጂ ሕክምናው አልቆመም። ትኩሳቴ ሠላሳ ስምንት ከደረሰ ሳልውል ሳላድር እመጣለሁ።»

«በትክክል!»

«የቀረውንም ንገራት እንጂ» አለች ባለቤቴ ከኋላዬ።

«ፈርቻለሁ፣ ዶክተር።»

ዶክተሯ ወንበር ሳበችልኝ። «እሱንም እናውራበት።»

ተቀመጥኩ። በዚያ ሆስፒታል እንደኔ በድፍረት የፈራ ሰው ታይቶ አይታወቅም።